ምጣድ ይሟሻል፤ የመኪናችን ቀለምስ?



ባለፈው ቅዳሜ «ማሟሸት» የሚለውን ቃል ስንማር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ምጣድ በእሳት ከተሟሸ፣ እኔም ለፓይንውድ ደርቢ የቀባኋትን መኪና የእማዬ ኦቨን ውስጥ ላሟሻት?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ አደገኛ ስለሆነ የዛሬ ትምህርታችን አድርጌዋለሁ።

ትክክሉ የቱ ነው?

እናቶቻችን አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲገዙ ወዲያው እንጀራ አይጋግሩበትም። መጀመሪያ ያግሉታል፤ ከዚያ የተፈጨ የጎመን ዘር እየነሰነሱ በጨርቅ ደጋግመው ያሹታል። የጎመን ዘሩ ዘይት ከሙቀትና ከአየር ጋር ሲገናኝ ጠንካራ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሆናል። እንጀራው የማይጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ቀለምና «ክሊር ኮት» የሚባለው መስታወት መሰል ሽፋንም እንዲሁ በሙቀት ይጠነክራል።

ልጆች፣ «መድረቅ» እና «መጠንከር» አንድ አይደሉም። ቀለም በጣት ሲነካ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ከውስጥ ግን ገና ለስላሳ ነው።

አደገኛውስ?

የጎመን ዘር ምግብ ነው፤ ስፕሬይ ቀለም ግን መርዝነት አለው። በውስጡ ያለው ማቅጠኛ (ወላጆች ቲነር ወይም አኳራጅ የምትሉት ዓይነት) ተን ሆኖ ይወጣል። ይህ ተን በተዘጋ ኦቨን ውስጥ ከተጠራቀመ በጋዙ ነበልባል ወይም በጋለው ብረት ሊቀጣጠል ይችላል። ባይቀጣጠልም ሽታውና ዝቃጩ ነገ ዳቦ በምንጋግርበት ቦታ ይቀራል። ስለዚህ እነዚህን እንያዝ፦

1. የምግብ ኦቨን፣ ማይክሮዌቭና የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምግብ ብቻ ናቸው። ቀለም የተቀባ ነገር አይገባባቸውም።

2. ቀለም የምንቀባው ከትልቅ ሰው ጋር፣ ከቤት ውጭ ነው። ስስ አድርገን እንቀባለን፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቀን እንደግማለን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ!

3. የደርቢ መኪና ሙቀት አያስፈልጋትም። የጥድ እንጨት ሲሞቅ ሙጫው ይወጣል፤ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። የፕላስቲክ ሞዴልም ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል። ለእነዚህ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው።

4. የስፕሬይ ጣሳ ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥም። ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። በዴንቨርና በአውሮራ ብርድ ወራት ጋራዡ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀለሙ በደንብ አይዝም፤ ብዙዎቹ ቀለሞች ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ይፈልጋሉ። ታዲያ ማሞቂያ ከመለኮስ ሞቅ ያለ ፀሐያማ ቀን መጠበቅ ይሻላል፤ ኮሎራዶ ደግሞ በብርዱም መሐል እንዲህ ያለ ቀን አታሳጣንም።

ለወላጆች

ሙቀት የሚፈልገው ለብረት ተብሎ የተሠራ ልዩ ቀለም ነው፤ ለምሳሌ የሞተር ቀለም። ይህን ትልቅ ሰው ብቻ ይሥራው፤ ከቤት ውጭ፣ ዳግም ምግብ በማይገባበት አሮጌ ትንሽ ኦቨን፣ ቀለሙ መጀመሪያ በአየር ከደረቀ በኋላ፣ ጣሳው ባዘዘው ሙቀትና ሰዓት። አጠገቡ ቆሞ መጠበቅም ግድ ነው።

ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የመኪና ክሊር ኮት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ተራ የአቧራ ማስክም አይከላከለውም። ልጅ የቀለም ተን ስቦ ከታመመ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ለመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ደውሉ። መተንፈስ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ 911።

መልመጃ

ሀ) ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ 32 ቀንሱ፣ በ5 አባዙ፣ ለ9 አካፍሉ። ምሳሌ፦ 140 ሲቀነስ 32 ይሆናል 108፤ 108 ሲባዛ በ5 ይሆናል 540፤ 540 ለ9 ሲካፈል 60። አሁን እናንተ 50ን እና 200ን ለውጡ።

ለ) «መድረቅ»፣ «መጠንከር» እና «ማሟሸት» በሚሉት ቃላት አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሐ) እናታችሁን ወይም አያታችሁን «የመጀመሪያ ምጣድሽን እንዴት አሟሸሽው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ።

ያ ተማሪም መኪናውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ እየጠበቀ ነው። ቅዳሜ በቸር ያገናኘን!