ሁለት ጄኔሬተር በአንድ ቀንበር



ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ስትጠምዱ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ይመጣጠናሉ ወይ ብላችሁ ታያላችሁ። አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ከሆነ ቀንበሩ ያዘነብላል። አንዱ ፈጣን ሌላው ለጋሚ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከሳበማ ቀንበር ይሰበራል፤ አንገት ይቆስላል።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ባትሪና ስለ ጄኔሬተር ነው። ቢሆንም በሬዎቹን አትርሷቸው። እስከ መጨረሻው ድረስ ይረዱናል።

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአራዳ፣ በፒያሳና በስድስት ኪሎ መካከል አፍንጮ በር የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። እስቲ አንድ ምሽት እዚያ እንዳላችሁ አስቡ። ድንገት መብራት ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ከዚህም ከዚያም የጄኔሬተር ድምፅ ይነሣል። ዳቦ ቤቱ የራሱን ያስነሣል። መድኃኒት ቤቱም የራሱን ያስነሣል። እንበልና አንድ ባለ ፎቅ ቤት ሁለት ጄኔሬተሮች አሉት። አንዱ ብቻውን ቤቱን አይችልም። ባለቤቱ «ታዲያ ሁለቱን ለምን አላገናኛቸውም?» ይላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! አሠራሩን ሳያውቅ ከነካው ግን ንብረት ይቃጠላል፤ ሰውም ይሞታል። ይኸው ጥያቄ ወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያ ወይም ሶላር ባለው ማኅበር ሁሉ ይነሣል። ስለዚህ ከሥሩ እንማረው።

፩. ከእጅ ባትሪ እንጀምር

የእጅ ባትሪያችሁን ክፈቱ። ሁለት ድንጋይ አለው። የአንዱ ራስ የሌላውን ቂጥ ይነካል። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። ሁለቱ ሲከታተሉ 3 ቮልት ይሆናሉ። ይህ በተከታታይ ማገናኘት ይባላል።

ቮልት ማለት ምን ማለት ነው? ግፊት ማለት ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚወርድ ውኃ በኃይል እንደሚገፋ ሁሉ፣ ቮልት ሲበዛ ኤሌክትሪክ በኃይል ይገፋል። አምፔር ደግሞ የሚፈሰው ብዛት ነው።

አሁን ድንጋዮቹን ጎን ለጎን እናቁማቸው። ራስን ከራስ፣ ቂጥን ከቂጥ እናገናኝ። ግፊቱ ያው 1.5 ቮልት ይሆናል። አይጨምርም። ሥራውን ግን ለሁለት ስለሚካፈሉት ብዙ ጊዜ ያገለግላሉ። ይህ በትይዩ ማገናኘት ይባላል። የሁለት በሬ ጥማድ ማለት ይኸው ነው።

፪. ሁለት ትልቅ ባትሪ ማገናኘት

ብዙ ቤቶችና ጤና ኬላዎች ዛሬ የሶላር ባትሪ አላቸው። አንዱ ባትሪ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። ተመሳሳዩን በትይዩ ስትጨምሩበት 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ይሆናል። መብራቱ አይደምቅም፤ የሚቆይበት ሰዓት ግን በእጥፍ ያድጋል።

ደንቡ ይህ ነው፦

ሀ. የመደመር ምልክት ያለበት ከመደመር፣ የመቀነስ ምልክት ያለበት ከመቀነስ ጋር ይገናኛል። ከተሳሳታችሁ እሳት ይረጫል፤ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል።

ለ. ባትሪዎቹ በቮልት፣ በዓይነት፣ በመጠንና በዕድሜ አንድ ይሁኑ። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አትጥመዱ። ሙሉ በርሜልና ጎዶሎ በርሜል ከሥር በቧንቧ ቢገናኙ ውኃው ከሙሉው ወደ ጎዶሎው ይሮጣል። ባትሪም እንዲሁ ነው። አዲሱ አሮጌውን ሲቀልብ ያድራል፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ።

ሐ. ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይሞሉ።

መ. ወደ ቤት የሚሄደው የመደመር ገመድ ከመጀመሪያው ባትሪ፣ የመቀነሱ ገመድ ከመጨረሻው ባትሪ ይነሣ። ያን ጊዜ ሥራው እኩል ይደርሳቸዋል። ሁለቱም ገመድ ከአንዱ ባትሪ ከተነሣ ያ ባትሪ ይበልጥ ይደክማል።

ሠ. ለእያንዳንዱ ባትሪ ፊውዝ ይደረግ። ባትሪ ባለበት ክፍል ሲጋራም ኩራዝም አይግባ። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

፫. ጄኔሬተር ለምን ይከብዳል?

የባትሪ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። የጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ግን ይመላለሳል። ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአገራችን ይህ ምልልስ በአንድ ሰከንድ 50 ዙር ነው። ግፊቱ በቤታችን 220 ቮልት ነው።

ስለዚህ ሁለት ጄኔሬተር በአንድ ቀንበር ለመጥመድ እነዚህ ነገሮች መሟላት አለባቸው፦

አንደኛ፣ ቮልታቸው እኩል ይሁን። ይህ የበሬዎቹ ቁመት ነው።

ሁለተኛ፣ የዙራቸው ፍጥነት እኩል ይሁን። ይህ የበሬዎቹ እርምጃ ነው።

ሦስተኛ፣ እግራቸውን እኩል ያንሡ። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላውም በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ይግፋ።

አራተኛ፣ ለወፍጮ የሚሆን ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ ከሆነ የመስመሮቹ ተራ አንድ ይሁን።

ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አንዱ ሌላውን ይመታዋል። ብሬከር ይወርዳል፤ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል፤ የሞተሩ ዘንግ እስከ መሰበር ይደርሳል።

፬. አምፖል የሚያስተምረን

ማመሳሰያ መሣሪያ ሳይስፋፋ በፊት ባለሙያዎች ይህን በአምፖል ያውቁ ነበር። ዛሬም ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሁለቱን ጄኔሬተሮች የሚያገናኘው ማብሪያ ገና ክፍት ነው። በክፍቱ ማብሪያ ሁለት ጫፎች መካከል አምፖል ይገባል። ሁለቱ እኩል ሲራመዱ በጫፎቹ መካከል የግፊት ልዩነት የለም። ስለዚህ አምፖሉ ይጠፋል። እግራቸው ሲለያይ አምፖሉ ይበራል። ፍጹም ሲቃረኑ 220 እና 220 ተደምሮ 440 ቮልት ይደርሳል። በዚህ ምክንያት አንድ አምፖል ስለማይችል ሁለት አምፖል ይከታተላል።

አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ካለ ፍጥነታቸው ገና ይለያያል። ዝግ እያለ ከመጣ ተቀራርበዋል። ባለሙያው ቀስ ብሎ ሲጠፋ ጠብቆ በጨለማው መካከል ማብሪያውን ይዘጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። የተቃጠለ አምፖልም ጨለማ ነው! ስለዚህ ሲበራና ሲጠፋ በዓይኑ ያላየ ሰው «ጠፍቷልና ልዝጋ» ማለት የለበትም። ዛሬ ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ራሱ ለክቶ ራሱ ይዘጋል።

፭. ሸክም መካፈል

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጄኔሬተሮችም ከተገናኙ በኋላ ሸክሙን መካፈል አለባቸው። ናፍጣ በርከት የተደረገለት ብዙ ይሸከማል። ናፍጣ ያነሰበት ይለግማል። ጭራሽ ከተቋረጠበት ጓደኛው እየጎተተ ያዞረዋል። ይህን የሚከላከል መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ማኅበር እያንዳንዳቸው 20 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት ጄኔሬተሮች አሉት እንበል። ወፍጮው 15፣ የውኃ መሳቢያው 7፣ መብራትና የክትባት ማቀዝቀዣ 3 ኪሎዋት ይፈልጋሉ። ድምሩ 25 ነው። ሁለቱ አብረው 40 ስለሆኑ ይችሉታል። አንዱ ቢበላሽስ? 20 ብቻ ይቀራል። በዚያው ቅጽበት የውኃ መሳቢያውን ብናቆም ሸክሙ 18 ይሆናል። ማቀዝቀዣው አይቆምም፤ የሕፃናቱ ክትባት አይበላሽም። ማታ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ደግሞ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ናፍጣ ይተርፋል። የትይዩ ጥቅሙ ይህ ነው። ሞተር ሲነሣ ግን ከወትሮው እጥፍ ድርብ ኃይል እንደሚስብ አትርሱ። ወፍጮው እህል ሳይጨመርበት፣ ሌላው ሸክም ሳይገባ መጀመሪያ ይነሣ።

፮. ያገር ሁሉ ጥማድ

ይህ ነገር የትንሽ ሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 3 ተርባይኖች አሉት። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣና በለስ 4 ተርባይኖችና 460 ሜጋዋት አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋዋት አለው። በአገሪቱ መረብ ላይ እየሠሩ ያሉ ተርባይኖች የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ሁሉ በሰከንድ 50 ዙር እኩል ይመላለሳል። በአፍንጮ በር የምትበራ አንዲት አምፖል በዚህ ሁሉ ጥማድ ትበራለች።

፯. እኛ ምን እናድርግ?

1. ለትይዩ ያልተሠሩ ሁለት ጄኔሬተሮችን በፍጹም አታገናኙ። ሁለት ኢንቨርተር ወይም ሁለት ዩፒኤስም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው «በትይዩ ይሠራል» ብሎ ከጻፈበት ብቻ፣ በራሱ ማገናኛ ገመድ ይገናኛሉ። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ ወይም አስነብቡ።

2. ለትይዩ ካልተሠሩ ሥራውን ክፈሉ። አንዱ ጄኔሬተር ለወፍጮ፣ ሌላው ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ይሁን። ሽቦአቸው አይገናኝ። ሁለት በሬ የግድ በአንድ ቀንበር አይጠመድም።

3. ጄኔሬተርን ከመንግሥት መስመር ጋር በቀጥታ አታገናኙ። በመካከል ቼንጅ ኦቨር የሚባለው መቀያየሪያ ይግባ። እሱ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን አይዝም። ይህ ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። ትራንስፎርመር የ15,000 ቮልቱን መስመር ለቤት ዝቅ ያደርጋል። ከቤት በኩል ሲገፉት ግን ዝቅተኛውን ወደ 15,000 ያወጣዋል። ያን ጊዜ «መብራት የለም» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። እናንተ ወፍጮ ስታስነሡ እሱ ይሞታል። እሱም የልጆች አባት ነው።

4. ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አይሥራ። ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

5. ሽቦውን የሚያገናኝ የሠለጠነ ባለሙያ ይሁን። የእሱ ክፍያ ከአንድ ሰው ሕይወት አይበልጥም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሁለት 12 ቮልት ባትሪዎች በትይዩ ቢገናኙ ስንት ቮልት ይሆናሉ?
2. አሮጌ ባትሪ ከአዲስ ጋር የማይጠመደው ለምንድን ነው?
3. ጨለማ የሆነ አምፖል ሁልጊዜ «ተመሳስለዋል» ማለት ነው? ለምን?
4. በማኅበራችሁ ያለው ጄኔሬተር መቀያየሪያ አለው? ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩ። ከሌለው በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን አንሡ።

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁም ይህን ትምህርት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።