የአይጥ መርዝ ኃይሉን የሚያጣው ለምንድን ነው? ለእህል ጠባቂዎችና ለሠፈራ መንደሮች የቀረበ ትምህርት

እህል በተትረፈረፈበት ዘመን አይጥ የምትበላው ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። በድርቅ ዘመን ግን እያንዳንዱን ጆንያ በተስፋ የሚጠባበቅ ቤተሰብ አለ። ያደገች የቤት አይጥ በቀን 20 ግራም ያህል እህል ትበላለች። በአንድ መጋዘን ውስጥ 100 አይጦች ቢኖሩ ፍጆታቸው በቀን 2 ኪሎ ግራም፣ በወር 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአገራችን ለአንድ ተረጂ በወር ሲሰፈር የቆየው እህል 15 ኪሎ ግራም በመሆኑ፣ እነዚህ አይጦች የአራት ሰዎችን ቀለብ ወሰዱ ማለት ነው። ይህም የሚበሉት ብቻ ነው። ጆንያ ቀድደው የሚያፈሱት፣ በሽንታቸውና በዓይነ ምድራቸው የሚያበላሹት እህል ሲታከልበት ጉዳቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከዚህም በላይ በሽንታቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ በቁንጫቸውም አንዱን የተስቦ ዓይነት ወደ ሰው ያስተላልፋሉ።

በመሆኑም ሰው መርዝ ይገዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት አይጦች ሞተው ይገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መርዙ ባለበት ይቀራል፤ ወይም እየተበላ የሚሞት ይጠፋል። «ለመዱት» ይባልና መጠኑ እጥፍ ይደረጋል፤ ከሌላም መርዝ ጋር ይደባለቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ለመዱት» የሚለው አንድ ቃል ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁኔታዎችን እንደሚሸፍንና፣ እነዚህን ሳይለዩ መጠን መጨመር ከአይጥ ይልቅ ሰውን እንደሚጎዳ ማስረዳት ነው።

ከጉለሌ የሚገኝ ትምህርት

ጉዳዩን በቅርብ ለመመልከት ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከጉለሌ እንነሣ። ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአዲሱ ገበያ አካባቢ ባሉት የቆዩ መንደሮች የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ተሠርተዋል። ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ በተሠራ ኮርኒስ ላይ አይጥ ሌሊቱን ስትሮጥ መስማት ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም። ከአንዱ ቤት ጣሪያ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያግዳት የለም። ስለዚህ አንድ አባወራ ብቻውን መርዝ ቢያስቀምጥ፣ የሞቱትን የሚተኩ አይጦች ከጎረቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገባሉ። መርዙ ሥራውን ሠርቷል፤ ለሰውየው ግን ምንም ያልሠራ ይመስለዋል።

በዚሁ በጉለሌ አካባቢ ፓስተር እየተባለ የሚጠራው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ያ ተቋም በየጊዜው እየሰፋና ስሙ እየተለወጠ መጥቶ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የአገራችን የጤና ባለሙያዎች አንድን መድኃኒት ሕያዋን ፍጥረታት እንዴት እንደሚቋቋሙት በወባ ረገድ በሚገባ ያውቁታል። ክሎሮኪን ለረጅም ዘመን ዋና የወባ መድኃኒት ነበር። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ስለተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም በተራው እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም ተለወጠ። በየቤቱ ይረጭ የነበረው ዲዲቲም የወባ ትንኝ ስለተቋቋመችው ቦታውን ለሌሎች ኬሚካሎች ለቅቋል። አይጥም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለችም። ነገር ግን ከተውሳክና ከትንኝ የምትለይበት አንድ ጠባይ አላት፤ እርሱም መማር መቻሏ ነው።

ፈጥኖ የሚገድል መርዝና ብልኋ አይጥ

በአገራችን በብዛት ከሚሠራባቸው የአይጥ መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አለው። ከእህል ጋር ተለውሶ ሲበላ በሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ተገናኝቶ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥርና በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ድካሙም ከዚሁ ከፍጥነቱ የሚመጣ ነው። አይጥ አዲስ ምግብ ስታገኝ በመጀመሪያ በጥቂቱ ትቀምሳለች። የቀመሰችው ለመግደል ካልበቃ ወዲያው ትታመማለች፤ ሕመሟንም ከበላችው ምግብ ጋር ታያይዘዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን ምግብ ለወራት አትነካም። ይህ መሸሽ እንጂ መቋቋም አይደለም፤ በቂ መጠን ብትበላ ከመሞት አትድንም። እንግዲህ መርዙን እጥፍ ማድረግ ሽታውንና ጣዕሙን ይበልጥ አጉልቶ አይጧን የባሰ ያሸሻታል። ያልተበላው መርዝም ለሕፃንና ለዶሮ ተዘርግቶ ይቆያል።

ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝና በዘር የሚወረስ መቋቋም

ሁለተኛው ወገን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ነው። የዚህ ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሻገተ መኖ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም ብሎ በመሞታቸው ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን መርምረው ንጥረ ነገሩን ለዩ፤ ከዚያ የተገኘው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መርዝነት ዋለ። ይኸው ዋርፋሪን በተመጠነ መጠን የደም መርጋት ላለባቸውና ሰው ሠራሽ የልብ ቧምቧ ለተተከለላቸው ሕሙማን መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል።

ዋርፋሪን ሰውነት ቫይታሚን ኬን መልሶ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። አይጧ የምትሞተው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ሕመሟን ከምግቡ ጋር ልታያይዘው አትችልም። በዚህም ምክንያት የአይጥ ችግር ለዘለቄታው የተፈታ መስሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1958 በስኮትላንድ አንድ እርሻ ላይ መርዙን እየበሉ የማይሞቱ አይጦች ተገኙ። ቀጥሎም በዌልስና በዴንማርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ በአሜሪካ ተመሳሳይ አይጦች ታዩ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በግልጽ ታወቀ፤ ዋርፋሪን የሚያጠቃውን የሰውነት ክፍል የሚሠራው ዘረ መል በእነዚህ አይጦች ላይ ተለውጦ ተገኘ።

እዚህ ላይ በጥብቅ ልንገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። መርዙ አይጧን አላጠነከራትም፤ አይጧም አልተለማመደችም። ከ100 አይጦች መካከል ሁለቱ አስቀድሞ ከተፈጥሮ የተለየ ዘር ይዘው ተወልደዋል እንበል። መርዙ 98ቱን ሲገድል እነዚያ ሁለቱ እህሉንም ጎጆውንም ያለ ተወዳዳሪ ይወርሳሉ። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነና ግልገሎቹም በሦስት ወር ገደማ ለመውለድ ስለሚደርሱ፣ መንጋው ከጥቂት ትውልድ በኋላ በአብዛኛው የእነርሱ ዘር ይሆናል። አንድ ዓይነት መርዝ ያለማቋረጥ፣ በየዓመቱ ማስቀመጥ መርጦ እንደ ማራባት ነው።

ለዚህ መልስ እንዲሆኑ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዲፌናኩምና ብሮዲፋኩም የተባሉ የበረቱ መርዞች ወጡ። ነገር ግን እነዚህ በሞተችው አይጥ ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ አይጧን የበላችው ድመት ወይም ጉጉት አብራ ትሞታለች። አይጥን በነፃ የምታድነውን ድመት መግደል ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አይጥ መጋበዝ ነው።

እንዴት እንለያቸው?

መርዝ አልሠራ ሲል መጠኑን ከመጨመር በፊት የሚከተለውን መመልከት ይገባል።

1. መርዙ ሳይበላ ከቀረ፣ አይጦቹ ሸሽተውታል። መርዙንም ማባበያ እህሉንም መለወጥ ያስፈልጋል።

2. መርዙ ተበልቶ፣ የሞቱም ተገኝተው፣ ከሳምንታት በኋላ አይጥ ከተመለሰ፣ ከውጭ ገብተዋል። መፍትሔው ቀዳዳ መድፈንና ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን መሥራት ነው።

3. ደም የሚያፈስሰው መርዝ ሳይቋረጥ ለአራት ሳምንት ያህል እየተበላ፣ የሚበላው መጠን ካልቀነሰና ከውጭ የሚገቡ አይጦችም ከሌሉ፣ በዘር የሚወረስ መቋቋም መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ያን መርዝ አቁሞ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

በመጋዘንና በሠፈራ መንደር ምን ይደረግ?

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውም ሳይወድ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓጓዘ። ሠፋሪ በአዲስ ምድር ላይ ጎተራውን ሳይሠራ የሣር ጎጆ ውስጥ ይገባል፤ እህሉንም በጆንያ መሬት ላይ ያኖራል። የተፈናቃይ መጠለያም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሕፃናት በሚተኙበትና እህል በሚቀመጥበት በዚያው አንድ ክፍል ውስጥ መርዝ መበተን ከአይጧ የከፋ አደጋ ነው። ለዚንክ ፎስፋይድ ማርከሻ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ግንባታ ነው። አይጥ በራሷ ወርድ ልክ በሆነ ጠባብ ቀዳዳ ትገባለችና፣ ከጣት ውፍረት ያነሰውንም ቀዳዳ መድፈን፣ የበሩን ግርጌ በቆርቆሮ መለበጥ ይገባል። ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይደርደር፤ ጠባቂው ዙሪያውን ሊመለከት ይቻለዋል፤ አይጧም መሸሸጊያ ታጣለች። ጎተራ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሠራ፤ በየእግሩም ላይ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ይደረግ፤ የዛፍ ቅርንጫፍ አይንካው። የፈሰሰ እህል በየቀኑ ይጠረግ። ወጥመድ ሁልጊዜ ይጠመድ፤ ወጥመድን የሚቋቋም ዘር የለምና።

መርዝ ግድ ሲሆን፣ ዚንክ ፎስፋይድ ከመቀመጡ በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ያለ መርዝ እህሉ ብቻ ይሰጥ። አይጦቹ ያለ ጥርጣሬ መብላት ሲጀምሩ መርዙ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ብቻ ይቀመጥ፤ ትራፊውና ሬሳው ተለቅሞ በጥልቅ ይቀበር። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ወር ያው መርዝ አይደገም። ቀስ ብሎ የሚገድለው ደግሞ አይጦቹ መብላት እስኪያቆሙ ድረስ ሳይቋረጥ ይሰጥ፤ መካከል ላይ ማቋረጥ የዳኑትን ማራባት ነው። ሁሉም ሕፃን በማይደርስበት የተከደነ ሣጥን ውስጥ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ተመዝግቦና መግለጫ ተለጥፎበት መሸጥ ስላለበት፣ ስሙ ያልተጻፈ ዱቄት በወረቀት ተጠቅልሎ ሲቀርብ አለመግዛት ይገባል። ስሙ ያልታወቀ መርዝ ልጅ ቢበላው ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል? የደም ማፍሰሱ መርዝ በቫይታሚን ኬ ይታከማል፤ ለዚህም ዓይነቱን ማወቅ የግድ ነው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ አበው። እህሉን የበላችው አይጥ ሆና ሳለ የሚሞቱት ድመት፣ ዶሮና ሕፃን እንዳይሆኑ፣ ከመርዙ በፊት ቀዳዳው፣ ከመጠኑም በፊት ምክንያቱ ይታይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ «አይጦቹ መርዙን ለመዱት» ሲባል ከላይ ከተዘረዘሩት ከሦስቱ የትኛው ነው?

2. በአካባቢያችሁ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ስሙ ምንድን ነው? መግለጫስ አለው?

3. ከክረምት በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ቤት በአንድነት ቀዳዳ እንዲደፍን በእድራችሁ በኩል እንዴት ልትስማሙ ትችላላችሁ?