ያገለገለ የእንጨት መላጊያ መኪና ስለ መግዛትና ስለ ማደስ

በግቢው ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ለማቋቋም ያሰበ አናጢ አስቀድሞ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አንዱ መላጊያ መኪና ነው። አዲሱ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ያገለገለውን መፈለጉ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ለሻጩ የሚከፈለው ገንዘብ የመኪናው ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ የማጓጓዣው፥ የመለዋወጫውና የእድሳቱ ወጪ መደመር አለበት። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሚታደሰውን ጉድለት ከማይታደሰው ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የመኪናው አካልና እንጨቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለቱ ገበታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ነው። ይህ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ከተሰነጠቀ በኋላ በብየዳ ቢያያዝም ቀጥተኛነቱን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ገዢው በቀለም ሥር የተሸሸገ የብየዳ ምልክት እንዳለ ይመርምር። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያም ከጥግ እስከ ጥግ አጋድሞ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ ይመልከት። ክፍተቱ ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት፥ ማለት ከ0.1 ሚሊሜትር ገደማ፥ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ገበታው በብረታ ብረት ሥራ ቤት እንደገና መስተካከል ያሻዋል፤ ወጪውም ከግዢው ሊበልጥ ይችላል።

ምላጩ የሚታሰርበት ዘንግ ክብ መሆን ይገባዋል። ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ በራሱና በገበታው መካከል ሰፊ ክፍተት ስለሚተው የሳተውን እጅ ወደ ውስጥ ይስባል። እንዲህ ያለው መኪና ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ዝገት፥ ያለቀ ኩሽኔታ፥ የተሰነጣጠቀ ቺንጋና የደነዘ ምላጭ ግን ዋጋ ለማስቀነስ የሚረዱ ናቸው እንጂ ግዢን የሚያስቀሩ አይደሉም። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ዘንጉ በእጅ ሲዞር ቢያንኮሻኩሽ ወይም ሲነቀነቅ ቢወላወል ኩሽኔታው አልቋል። በጎኑ የተቀረጸው ቁጥር ልኩን ያስታውቃል፤ ለምሳሌ 6205 የሚለው ውስጡ 25፥ ውጭው 52፥ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ማንኛውም ፋብሪካ ቢሠራው ልኩ አንድ ነው።

ስለ ሞተሩ ደግሞ፥ በኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ የሚሠራው በ380 ቮልትና በሦስት ፌዝ ብቻ ከሆነ፥ የመስመሩ ወይም የሞተሩ መለወጫ ወጪ በሒሳቡ ይግባ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ ሞተሩ ከተወሰነለት ፍጥነት 5/6ኛውን ያህል ብቻ ይዞራል፤ ሊግልም ይችላል።

መኪናው ከተገዛ በኋላ የእድሳቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቡሎኖቹም የቦታቸው ስም ተጽፎባቸው በየዕቃው ይቀመጡ። ሁለተኛ፥ ገበታው በነጭ ጋዝና በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ከዝገት ይጽዳ፤ በኤሌክትሪክ መሞረጃ ቢነካ ግን ይጎደጉዳል። ሦስተኛ፥ አዲሱ ኩሽኔታ በዘንጉ ላይ ሲገባ ኃይሉ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ ውጭኛው በመዶሻ ከተመታ ኩሽኔታው ሥራ ሳይጀምር ይበላሻል። አራተኛ፥ ምላጮቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ታስረው እንጨቱ ከሚወጣበት ገበታ ጋር እኩል ይሁኑ፤ ከፍ ካሉ የእንጨቱን መጨረሻ ይጎረጉዳሉ፥ ዝቅ ካሉ እንጨቱ ከገበታው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። አምስተኛ፥ የእጅ መከላከያው ሳይመለስ መኪናው ከቶ አይነሣ።

ቅን ሻጭ መኪናውን በገዢው ፊት አስነሥቶ እንጨት ቢልግበት ለራሱም ስም ይጠቅመዋል። ገዢውም የግዢውን፥ የማጓጓዣውን፥ የመለዋወጫውንና የኤሌክትሪኩን ወጪ አስቀድሞ በወረቀት ይደምር። ድምሩ ወደ አዲሱ መኪና ዋጋ የሚቀርብ ከሆነ ዋስትና ያለውን አዲሱን እስኪገዛ መታገሥ ይሻለዋል፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በአንድ ቀን ጥድፊያ የወጣ ገንዘብ በአንድ ዓመት ሥራ ላይመለስ ይችላልና።