ዋናው ጎዳና ሲታደስ የሱቅ ተከራይ ሂሳብ

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፡፡ ከተማዋ ስሟን ብቻ ሳይሆን ገበያዋንም ያገኘችው ከመንገድ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፡፡ ቡሬ ደግሞ የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት መንታ መንገድ ናት፡፡ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደዚያ የሄዱት ካለ ምክንያት አይደለም፡፡

የዋና ጎዳናዎች መልሶ ግንባታ «የኮሪደር ልማት» በሚል ስም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ እንደ ባሕር ዳርና ጎንደር ወዳሉት የክልል ከተሞች ተዛምቷል፡፡ የእግረኛ መንገድ ይሰፋል፣ የብስክሌት መስመር ይወጣል፣ ከዳር ያለው ቤት ወይ ይፈርሳል ወይ ፊቱ ይታደሳል፡፡ ኑሮዋን በአንድ ጎዳና ላይ በመሠረተች ከተማ ጎዳናውን መንካት ገበያውን በሙሉ መንካት ነው፡፡ በመሆኑም ነጋዴው ሂሳቡን መሥራት ያለበት ዶማና አካፋው ከመምጣቱ በፊት ነው፡፡

ደንበኛው በምን ይመጣል?

«መንገዱ ከተሠራ ገበያ ይደራል» የሚለው አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው፡፡ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሦስት ዓይነት ደንበኛ አለ፡፡ አንደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ ምሳ በልቶ የሚሄደው መንገደኛ ነው፡፡ ሁለተኛው በእግሩ፣ በጋሪ ወይም በባጃጅ ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ነው፡፡ ሦስተኛው በርበሬና በቆሎ ለመጫን አይሱዙውን ከመጋዘን ደጃፍ የሚያቆመው የጅምላ ነጋዴ ነው፡፡

የእግረኛ መንገድ መስፋት ለሁለተኛው ደንበኛ ይመቻል፤ በመሆኑም ልብስ፣ የቤት ዕቃና ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጠው ይጠቀማል፡፡ መሐል ላይ አካፋይ ከተሠራ ግን አውቶቡሱ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚቆም ከማዶ ያለው ምግብ ቤት ግማሽ ገበያውን ሊያጣ ይችላል፡፡ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው፡፡ ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍባቸው ቦታዎች አጥሩ ማዶና ማዶ ያለውን ገበያ ለያይቶታል፤ ማቋረጫው አጠገብ ያለው ሱቅና ከማቋረጫው የራቀው ሱቅ ዕድላቸው አንድ አይደለም፡፡ የእህል ነጋዴው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ደጃፉ ላይ መኪና ማቆም ከተከለከለ በጓሮ በኩል መግቢያ የሌለው መጋዘን ለእያንዳንዱ ኩንታል ተጨማሪ የወዛደር ሂሳብ ይከፍላል፡፡

ነጋዴ ደንበኛው በምን እንደሚመጣ ሲገምት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፡፡ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ ጥናት ባለሱቆች ከደንበኞቻችን 41 በመቶ ያህሉ በመኪና ይመጣሉ ብለው ገመቱ፡፡ ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን በመኪና የመጡት 22 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ስለዚህ ከመገመት አንድ የገበያ ቀንና አንድ ተራ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ይሻላል፡፡

ሂሳቡ እንዲህ ነው

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው፡፡ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፡፡ አንድ ተከራይ ባለሱቅ በቀን የ4,000 ብር ዕቃ ይሸጣል፤ ከዚህ ውስጥ ትርፉ 15 በመቶ ማለትም 600 ብር ነው፡፡ በ26 የሥራ ቀን 15,600 ብር ያገኛል፡፡ ኪራይ 7,000፣ ደመወዝና ሌላ ወጪ 4,600 ብር ሲቀነስ በወር 4,000 ብር ይተርፈዋል፡፡

መንገዱ ሲቆፈር ሽያጩ በ40 በመቶ ቢወርድ የወር ገቢው 9,360 ብር ይሆናል፡፡ ወጪው ስለማይቀንስ በየወሩ 2,240 ብር ይከስራል፡፡ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የሚያጣው በወር 6,240 ብር፣ ሥራው 8 ወር ቢፈጅ ደግሞ 49,920 ብር ነው፡፡

መንገዱ አልቆ ሽያጩ ከድሮው በ20 በመቶ ቢያድግ በወር 3,120 ብር ተጨማሪ ያገኛል፡፡ ያጣውን ለመመለስ 16 ወር ይበቃዋል ማለት ነው፡፡ ነገር ግን አከራዩ «ሰፈሩ አምሯል» ብሎ ኪራዩን ወደ 10,000 ብር ቢያደርሰው ተጨማሪው ገቢ 120 ብር ብቻ ይሆናል፡፡ በዚህ ሂሳብ ኪሣራውን ለመመለስ 34 ዓመት ከ8 ወር ያስፈልገዋል፡፡

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፡፡ የግንባታውን ጊዜ ኪሣራ የሚሸከመው ተከራዩ ሲሆን፣ የተሻሻለው ጎዳና ጥቅም ግን ውል ከሌለ ተጠቃልሎ ወደ አከራዩ ይሄዳል፡፡ ሕጉም እዚህ ላይ ብዙ አይደርስለትም፡፡ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለንግድ ቤት አይደለም፡፡ ስለ ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም በዋነኛነት የሚመለከተው ይዞታውና ንብረቱ የሚነሳበትን ሰው ነው፡፡

የምዕራብ ጎጃም ነጋዴ የመንገድ መዘጋትን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ጎዳናው በተደጋጋሚ ሲዘጋ ብዙው ሰው መጠባበቂያውን በልቷል፡፡ በዚህ ላይ 8 ወር ቁፋሮ ቢጨመርበት፣ መንገዱ ሲያልቅ ሱቁን ከፍቶ የሚጠብቀው ያው ነጋዴ ላይሆን ይችላል፡፡

ምን ይደረግ?

ተከራይ የሆነ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የብዙ ዓመት ውል በጽሑፍ ይያዝ፤ የጭማሪው ጣሪያም በውሉ ይግባ፡፡ አከራዩም ቢሆን በቁፋሮ ወራት ኪራይ ቢቀንስ ደህና ተከራይ ሳይጠፋበት ይቆያል፡፡ በጨለማ ዕቃ ማከማቸትና በዱቤ ካፒታል ማስያዝ ለዚያ ወቅት አይመከርም፤ ቢያንስ የ4 ወር ኪራይ በጥሬ ገንዘብ መያዝ ያዋጣል፡፡

ደላላና ገዢ ደግሞ በወሬ ቦታ አይያዙ፡፡ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፕላኑን ይዩ፡፡ የመንገዱ ስፋት እስከየት ነው? ማቋረጫውና የአውቶቡስ ማቆሚያው የት ነው? የጭነት መግቢያስ በየት በኩል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚከፈል ቀብድ የዕጣ ትኬት እንደመቁረጥ ነው፡፡

ከሁሉም በላይ ሥራው በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንዳይቆፈር፣ በየክፍሉ እየተጠናቀቀ እንዲሄድና በገበያ ቀን መተላለፊያ እንዲኖር መጠየቅ የንግዱ ማኅበረሰብ መብት ነው፡፡ በምሳሌያችን የግንባታው ጊዜ ከ8 ወደ 4 ወር ቢያጥር የባለሱቁ ጉዳት በ24,960 ብር ይቀንሳል፡፡ ማንም ድጎማ ሳይሰጠው በፕሮግራም ብቻ የሚድን ገንዘብ ነው፡፡