ፋብሪካ በጥቂት ሙከራ ሥራውን ስለሚያሻሽልበት ዘዴ

አንድ ዕቃ መልኩ ወይም መጠኑ በየጊዜው የሚለዋወጥ ሲሆን ጉዳቱ በሠሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ላኪው ዕቃው ይመለስበታል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል። ይህን ጉድለት ለማረም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው አዲስ መኪና መግዛት ነው። ነገር ግን ከግዢው አስቀድሞ በሥርዓት የተዘጋጀ ሙከራ ቢደረግ ብዙ ገንዘብ ሊድን እንደሚችል የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ኢና በተባለው የጃፓን የሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ የመተኮሻው ምድጃ ሙቀት በሁሉም ስፍራ እኩል ስላልነበረ፣ ከክምሩ ውጭ በኩል የሚደረደሩት ንጣፎች መጠናቸው ከመካከለኞቹ ይለይ ነበር። ምድጃውን መለወጥ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ምድጃውን እንዳለ ትተው የጭቃውን ቅመማ ለመመርመር ቆረጡ። ሊለወጡ የሚችሉ 7 ነገሮችን መርጠው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ደረጃ ወሰኑ። ሁሉንም እያገጣጠሙ መፈተን ቢፈለግ 128 ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ እነርሱ ግን በተመጣጠነ ሰንጠረዥ እየተመሩ በ8 ሙከራ ፈጸሙት። ከውጤቱም፣ በቅመማው ውስጥ ያለው ኖራ ከመቶ 1 ወደ ከመቶ 5 ከፍ ቢል፣ የሙቀቱ አለመስተካከል ንጣፉን እምብዛም እንደማይጎዳው ተረዱ። ኖራ ደግሞ ርካሽ ዕቃ ነው። ይህን ሥራ በጽሑፎቹ በሰፊው ያስታወቀው ጃፓናዊው መሐንዲስ ጌኒቺ ታጉቺ ነው።

ዘዴው ለትልቅ ፋብሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የዱቄቱን ዓይነት፣ የቡኮውን ጊዜና የምድጃውን ሙቀት ለመፈተን ቢያስብ አራት ሙከራ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሦስቱንም ይለውጣል፤ በቀሩት ሦስት ሙከራዎች ግን በየተራ አንዱን ብቻ ለውጦ ሁለቱን እንደ ቀድሞው ይተዋል። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ በአዲሱ፣ ሁለት ጊዜ በቀድሞው አሠራር ይፈተናል። የሁለቱ አማካይ ውጤት ሲነጻጸር፣ የሌሎቹ ለውጥ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገኝ፣ የዚያ ነገር ጥቅም ወይም ጉዳት ለብቻው ይታያል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙከራዎቹ በዕጣ ቅደም ተከተል ይደረጉ፤ አለዚያ የአየሩ ወይም የሠራተኛው መለዋወጥ ውጤቱን ያዛባል። ውጤቱ በግምት ሳይሆን በሚዛንና በልክ ተጽፎ ይያዝ። ደግሞም ሁለት ነገሮች ተጋግዘው የሚያመጡት ለውጥ የሦስተኛው ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የተሻለ ሆኖ የተገኘው አሠራር እንደገና ተፈትኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ለገበያ የሚሆነው ዕቃ በቀድሞው አሠራር ይሠራ፤ ለአዲስ መኪና የተመደበውም ገንዘብ እስከዚያው ከሣጥን አይውጣ።