ተጓዳኝ በሽታን በትክክል ስለ መመዝገብ

በኮቪድ-19 ልየታ ወቅት ተጓዳኝ በሽታ የሚታወቀው በአብዛኛው ከታካሚው ቃል ነው። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ተለክተው የሚነገሩ በመሆናቸው መልሱ ብዙ ጊዜ ከሕክምና መዝገቡ ጋር ይስማማል። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አካልን በሚያጠቃባቸው ሥር የሰደዱ ሕመሞች ግን ልዩነቱ ይሰፋል። “ሪህ አለብኝ” የሚል ሰው ሕመሙ በዕድሜ የመጣ የመገጣጠሚያ መጎዳት፣ የዩሪክ አሲድ ክምችት ወይም ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ሕመሙ ጋብ ያለለት የሉፐስ ታካሚ “ጤነኛ ነኝ” ሊል ይችላል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ከበሽታው ስም ባሻገር የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

1. ሕመሙ በምርመራ የተረጋገጠው በየትኛው የጤና ተቋም ነው?
2. በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ? በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድስ? ሜቶትሬክሴት ሳምንታዊ በመሆኑ ሳይጠቀስ ሊታለፍ ይችላል።
3. የክትትል ካርዱን ወይም የመድኃኒቱን ማሸጊያ ማየት ይቻላል?

ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ታካሚ ሙቀቱ ስላልጨመረ ብቻ ከበሽታው ነጻ ነው አይባልም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ በመሆኑም፣ ታካሚው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቆም በግልጽ ይነገረው።