ኬሪስ፦ ባለ ዝሆን ጥርስ እጀታ የኢንዶኔዥያ ጥንታዊ ጩቤ አለያየትና አገማገም

የኬሪስ ምንነት

ኬሪስ በጃቫ፣ በማዱራ፣ በባሊ፣ በሱማትራ፣ በሱላዌሲና በሌሎች የኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚሠራ፣ በሁለቱም ጠርዙ የሚቆርጥ ጩቤ ነው። ስለቱ (የሚቆርጠው የብረት ክፍል) ቀጥ ያለ ወይም የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል፤ የጥምዝምዙ ብዛት በልማድ ጎዶሎ ቁጥር ነው። ዋናው መለያው ግን ከእጀታው አጠገብ ያለው የስለቱ ሥር ነው፤ በዚያ ቦታ አንዱ ወገን ከሌላው ሰፍቶ ስለሚወጣ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም።

ኬሪስ መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የማዕረግ ምልክት፣ የክብር ልብስ አካልና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ አውጆታል፤ በ2008 በመዝገቡ አስፍሮታል። ስለቱ ለትውልድ ሲቆይ እጀታውና ሰገባው እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ይቀየር ነበር። በዚህ ምክንያት የስለቱ፣ የእጀታውና የሰገባው ዕድሜ ለየብቻ ይመረመራል።

የስለቱ አመረማመር

የኬሪስ አንጥረኛ (በጃቫ ኤምፑ ይባላል) ተራ ብረትንና ኒኬል ያለበትን ብረት ደጋግሞ በማጠፍና በመቀጥቀጥ ያዋህዳል። ስለቱ በሎሚ ጭማቂና በአርሴኒክ (መርዛማ ማዕድን) ሲታጠብ ተራው ብረት ይጠቁራል፤ ኒኬል ያለበት ግን አንጸባርቆ ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ንድፍ ፓሞር ይባላል። አርሴኒኩ በስለቱ ላይ ሊቀር ስለሚችል አሮጌ ኬሪስ በጓንት መያዝ አለበት።

እውነተኛ ፓሞር ከብረቱ ውስጥ ይመነጫል። በአስመስሎ ሥራ ግን ንድፉ በአሲድ ላይ ላዩን የተቀረጸ ብቻ ይሆናል። ተደጋጋሚ እጥበት አሮጌውን ስለት ያሳሳዋል፤ ጠርዙንም ይሸራርፈዋል። ዝገት ግን ለብቻው የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ አዲስ ብረትንም በኬሚካል በአጭር ጊዜ ማዛግ ይቻላል።

የእጀታው ቁስ

ነጭና ለስላሳ እጀታ ሁሉ የዝሆን ጥርስ አይደለም። የዝሆን ጥርስ በአግድመቱ በተቆረጠበት ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ በእጀታው ግርጌ፣ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች በማጉያ መነጽር ይታያሉ። እነዚህ የሽሬገር መስመሮች ይባላሉ። ከጥርሱ ውጫዊ ጠርዝ አጠገብ የሚሠሩት ማዕዘን ከ115 ዲግሪ በላይ ከሆነ የዛሬው ዝሆን፣ ከ90 ዲግሪ በታች ከሆነ የማሞዝ (የጠፋ የዝሆን ዘመድ) መሆኑን ያመለክታል።

አጥንት የደም ቧንቧዎች ያለፉበት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና ጭረቶች አሉት። የዓሣ ነባሪ ጥርስ አንዱ ሌላውን የከበበ ክብ መስመር ያሳያል፤ የዝሆን መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ጎልተው የሚታዩ ሰፋፊ ንብርብሮች አሉት። ፕላስቲክ እኩል የተሰለፉ መስመሮች ወይም የቅርጽ ማውጫ መጋጠሚያ ምልክት ሊኖረው ይችላል። በጋለ መርፌ መፈተን ግን ቅርሱን ስለሚጎዳ ተገቢ አይደለም።

የእጀታው ቅርጽና ዕድሜ

ቅርጹ የተሠራበትን አካባቢ ይጠቁማል። በባሊ የአማልክትና የአጋንንት ምስል ይዘወተራል፤ በማዱራ ቅጠልና አበባ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀረጻል። በሱማትራ ያጎነበሰ ሰው የሚመስል ረቂቅ ቅርጽ ይታወቃል። እጀታዎች በንግድና በስጦታ ከደሴት ደሴት ስለተዘዋወሩ ግን ቅርጹ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር መመዛዘን አለበት።

ለዘመናት የተያዘ እጀታ መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሻይ ወይም በቀለም የተነከረ አዲስ ሥራ ግን ወጥ ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙም በተቀረጹት ጎድጓዳ ቦታዎች ውስጥ ይጠራቀማል። የስለቱ ቀጭን ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳም መታየት አለበት፤ ዘንጉን ለማጥበቅ የተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ ወይም ፀጉር ሊገኝበት ይችላል።

ዋጋና ሕግ

የኬሪስ ዋጋ በስለቱ ጥራት፣ በቅርጻ ቅርጹ ብቃት፣ በክፍሎቹ ስምምነትና ቀደም ሲል በማን እጅ እንደነበረ በሚያስረዳ ሰነድ ይለካል። የጎደለን ክፍል በአዲስ የዝሆን ጥርስ መተካት ወይም ገጹን አሻሽቶ ማንጣት የታሪክ ምልክቱን ስለሚያጠፋ ዋጋውን ይቀንሳል።

ሳይተስ የተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት የእስያን ዝሆን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በጥብቅ ከሚጠበቁት መድቦታል፤ የአፍሪካውንም በ1989 ጨምሮታል። በብሪታንያም የ2018ቱ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽያጩን አግዷል። ስለዚህ የእጀታው ቁስ ሳይረጋገጥና አስፈላጊው ፈቃድ ሳይገኝ ኬሪስን መሸጥም ሆነ ድንበር ማሻገር አይገባም።